ማስተካከያ፦ 60 ሰዓቱ የአዳራሽ ስልጠና ብቻ አይደለም

ሰሞኑን በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ መምህራን ዘንድ የሚዞረው መልእክት «በዓመት 60 ሰዓት ስልጠና ገብቶ ሰርተፍኬት ያላመጣ፣ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያው አይቆጠርለትም» ይላል። ይሄ መስተካከል አለበት።

መምህር በየዓመቱ ሙያውን ለማሻሻል የሚያውለው 60 ሰዓት ልክ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ያስቀመጠው ነው። ስልጠና ግን አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ብዙው ሥራ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ይሠራል። አንዲት የሒሳብ መምህርት የባልደረባዋ ክፍል ገብታ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። ልጆቹ ክፍልፋይ ሲደምሩ የቱ ጋ እንደሚደናገሩ ማስታወሻ ትይዛለች። ከዚያ ሁለቱ ተነጋግረው የነገውን ትምህርት አብረው ያቅዳሉ። ይሄ ይቆጠራል። ተግባራዊ ምርምር (መምህሩ የራሱን ክፍል ችግር አጥንቶ መፍትሔ ሲሞክር)፣ የሙያ ንባብ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ማየትም እንደዚያው። እውነቱን ለመናገር፣ ከአዳራሽ ስልጠና ይልቅ ተማሪው ጋ ቶሎ የሚደርሰው ይሄኛው ነው ባይ ነኝ።

ዋናው ነገር ሁሉም በፖርትፎሊዮ፣ ማለትም በመምህሩ የሥራ ማኅደር፣ መያዙ ነው፦ የዓመቱ ዕቅድ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተሰጠው ግብረ መልስ። ሰርተፍኬት ካለም አብሮ ይግባ።

ጀማሪ መምህራን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት ከመካሪ መምህር ጋር በሙያ ትውውቅ (ሥራውን በልምድ ባለው መምህር እየተደገፉ በመልመድ) ነው የምታሳልፉት። መካሪ ካልተመደበላችሁ ዝም አትበሉ፤ ርዕሰ መምህራችሁን ጠይቁ።