ማስተካከያ፦ የአላታ ድልድይ የአፄ ፋሲል አይደለም

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ወጣ ብለን ስለምንዝናናባቸው ቦታዎች ስጽፍ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለውን የአላታ የድንጋይ ድልድይ አፄ ፋሲል አሠሩት ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ያሠሩት አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1626 ነው። ፋሲል የነገሡት በ1632 ነው።

ምንጬ በዚያ ዘመን አገራችን የነበረው የፖርቱጋሉ ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ የጻፈው ነው። ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እዚያው አላታ ወንዝ አጠገብ ተገኘ፤ ግንባታውን የመራው ደግሞ ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው ይላል። (ይቺን ታሪክ ሳልጽፋት መቅረቴ ይቆጨኛል።)

ጽሑፌን ይዛችሁ እንግዳ የምታስጎበኙ ልጆች፣ እባካችሁ አርሙት። የጉዞው መረጃ ግን እንዳለ ነው፤ ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።