ፊውዙ ምን አጠፋ?

«ጋሼ፣ ፊውዙ አስቸገረኝ።»

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የአይሱዙዬ ሾፌር ይህን የነገረኝ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ መልሴ አንድ ነበር፤ «ከፍ ያለ ቀይርበት።» ቀዩ ባለ 10 አምፔር ወጥቶ ሰማያዊው ባለ 15 ገባ። እርሱም ሲቃጠል አረንጓዴው ባለ 30 ተተካ። ከዚያ በኋላ ፊውዙ ማስቸገሩን ተወ፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

የጣርማ በርን ክረምት የመንገዱ ሰው ያውቀዋል። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያን ፈልፍሎት የሄደው ዋሻ፣ አፉ ላይ ተቆሞ እንኳ አፉ የማይታይበት ቀን አለ። በአንድ የሐምሌ ሌሊት መኪናው ከደብረ ሲና ወደ ላይ ሲወጣ፣ የፊት መብራቱም ፓራውልቱ ላይ በተጨማሪ ያሰቀልኳቸው ሁለት ኃይለኛ መብራቶች፣ ፓውዛዎቹም፣ በአንድ ጊዜ ድርግም አሉ። ረዳቱ ወርዶ በስልኩ መብራት እየመራ ነው ወደ ዳር ያስጠጉት።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አነሳነው። አረንጓዴው ፊውዝ ደህና ነበር። የቀለጠው የተሰካበት ቤት ነው፤ ፕላስቲኩ እንደ ጧፍ ሰም ወደ ጎን ፈስሶ ጎረቤቱን ፊውዝ ይዞታል። ከጀርባው የሚወጣው ሽቦ ልባሱ ጠቁሮ ጣት ሲነካው ይፈረፈራል። የተቃጠለ ጎማ የሚመስለው ሽታ ከጋቢናው ለመውጣት ሳምንት ፈጀበት።

ነገሩ ምስጢር የለውም። መኪናው ባለ 24 ቮልት ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች በ75 ዋት ሲታሰቡ ከ6 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ኮረንቲ ይወስዳሉ፤ ባለ 10 ፊውዝ የተመደበላቸው ለዚህ ነው። ባለ 100 ዋት የሆኑት ሁለቱ ፓውዛዎች 8 አምፔር ከምናምን ይጨምራሉ። የእኔዎቹ የተቀጠሉት ከፊት መብራቱ መስመር ላይ ስለነበር በዚያ ቀጭን ሽቦ 14 አምፔር ተኩል ያህል ይሄድ ነበር። የሽቦ ሙቀት ደግሞ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን እጥፍ ብቻ አይደለም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በእኔ መኪና ከአምስት እጥፍ አልፏል። ቀዩ ፊውዝ ሲቃጠል የነገረን ይህንኑ ነበር። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ አምፖሉን አይደለም፤ ባለ 10 ሽቦ ላይ ባለ 30 መሰካት ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት መተው ነው። በቦታው የሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልሎ የሚያስገባም አይቻለሁ፤ እርሱስ በሩንም ነቅሎታል።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ቁጥር «ፓውዛ ይከልከል» የሚል አይጠፋም። አልስማማም። ያንን ቁልቁለት በሌሊት በፋብሪካው መብራት ብቻ ውረዱ ማለት መንገዱን አለማወቅ ነው። እርግጥ በጉም ጊዜ ጣሪያ ላይ የተደረደረ መብራት ከፊት ነጭ ግድግዳ ከማቆም በቀር ጥቅም የለውም፤ ለጉም የሚሆነው ዝቅ ብሎ የተሰቀለና ወደ ጎን የሚሰፋ ብርሃን ነው። ከላይ ለሚመጣው ሾፌር ዓይንም ምሕረት አይኖረውም። ይህ ግን የአሰቃቀል ጉዳይ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠሪዎችን መውቀስም ይቀናናል። እኔ ግን ፓውዛዎቹ የተሰቀሉ ቀን የሆነውን አስታውሳለሁ። ኤሌክትሪክ ሠሪው ልጅ «ጋሼ፣ ይህ ለብቻው መስመር ይፈልጋል፤ ሪሌ ገዝተን ከባትሪው እንሳብለት» ብሎኝ ነበር። ሪሌ በትንሽ ኮረንቲ ታዝዞ ትልቁን ኮረንቲ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። «አንተ ልጅ፣ ሁለት መብራት ለመስቀል ይህ ሁሉ ሽቦ ምን ይሠራል?» ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ለሚታየው መብራት ሳልነጫነጭ ከፈልኩ፤ ለማይታየው ሽቦ ጨክኜ ተከራከርኩ። ብዙዎቻችን ባለ መኪኖች እንዲሁ ነን። በዓመታዊው ምርመራም መኪናዬ መብራቱ እየበራ አለፈ እንጂ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን የከፈተ አልነበረም። መከፈት ነበረበት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ያው ልጅ በኋላ የሠራው ሥራ ይኸው ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 15 ፊውዝ፣ ከዚያ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሪሌው ላይ 30 ተብሎ ወደተጻፈበት እግር፣ ከ87 ቁጥር እግር ወደ ፓውዛዎቹ። 85 ቦዲ ላይ ታሰረ። ወደ 86 የሚሄደው ማዘዣ ከረጅም መብራቱ በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል ተወሰደ፤ ሾፌሩ ለመጪው መኪና ሲያሳጥር ፓውዛውም አብሮ ይጠፋል። ማዘዣው ግማሽ አምፔር እንኳ ስለማይወስድ ከፊውዝ ሳጥኑ ቢቀጠል ማንንም አይጎዳም። ሪሌው ባለ 24 ቮልት መሆኑን ሁለት ጊዜ አየን፤ ባለ 12 ቢገባ ጥቅልሉ ይቃጠል ነበር። ርካሽ ባለ 12 አምፖል ገዝቶ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ መሳብም የተለመደ ነው። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ እየተራበ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ሾፌሬ ከጣርማ በር ደወለ። «ጋሼ፣ የፓውዛው ፊውዝ ተቃጠለ።»

«የፊት መብራቱስ?»

«እርሱ ደህና ነው፣ ይበራል።»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ደብረ ብርሃን ግባ፤ ፊውዙን ከመቀየርህ በፊት ሽቦው የት እንደተላጠ ፈልግ» አልኩት። ራዲያተሩ ጎን ማሰሪያው ላልቶ ብረት ሲፋቀው ኖሯል። ናስትሮ ጠቅልሎ ከብረቱ አርቆ አሰረውና ያንኑ ባለ 15 መልሶ ሰካ።