ልጄና ጅራፉ

ልጄ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች የ13 ዓመት ልጅ ናት። ሶፍትቦል ትጫወታለች። ለማታውቁት፣ የቤዝቦል ታናሽ እህት በሉት፤ ኳሷ ተለቅ ትላለች፣ ሜዳው ያንሳል፣ ወርዋሪዋም ክንዷን በታች በኩል አዙራ ነው የምትለቀው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያጨበጭብ አባት ነኝ።

ለግል አሰልጣኝ በግማሽ ሰዓት 50 ዶላር እከፍላለሁ። ሰውየው ኳሷን በዱላ ስትመታ በስልክ ይቀርጻትና አዘግይቶ ያሳየናል። የሚለው ሁሌም ያው ነው፤ «ክንድሽን እርሺው»። ጉልበቱ የሚነሳው ከመሬት ነው። መጀመሪያ ክብደቷን ኋለኛው እግሯ ላይ ታሳርፋለች፣ በፊተኛው አጠር ያለ እርምጃ ትራመዳለች፣ ተረከዟ መሬት ሲይዝ ዳሌዋ ይዞራል፣ ትከሻዋ ግን ገና ኋላ ነው። ያ መሀል ላይ ያለው መጠማዘዝ ነው ዋናው ነገር። ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ክንድ፣ ዱላው መጨረሻ። እኔን የገረመኝ የፊተኛው እግር ነው። ቀጥ ብሎ ይገታል። ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት እንደሚወረወረው፣ ዳሌው ሲገታ ፍጥነቱ ወደ ክንድና ወደ ዱላው ይሻገራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በምን ያህል ጊዜ መሰላችሁ? በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ ከወርዋሪዋ እስከ መቺዋ ያለውን 13 ሜትር ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ታልፈዋለች። የኔ ልጅ ደግሞ ክንዷ ይቀድማል። ዓመት ሙሉ ከፍለን አልተስተካከለም።

ነሐሴ ላይ ሱሉልታ እናቴ ጋ ይዣት መጣሁ። ቡሄ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የሰፈር ልጆች የቃጫ ጅራፍ ያጮሃሉ። ልጄ ተቀብላ ሞከረች። ጅራፉ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። አሥር ዓመት የማይሞላው፣ ቦቲው ከእግሩ የሰፋ ልጅ ስቆባት ሲያበቃ «በእጅሽ ብቻ አይደለም፤ ወገብሽን አዙሪው፣ ከዚያ ቀጥ አርጊና መልሺው!» አላት። ክው አልኩ። ይሄ 50 ዶላሬ አይደል እንዴ? እጀታው ድንገት ሲገታ ፍጥነቱ ወደ ጫፉ ይሮጣል፤ ያ የምንሰማው ጩኸት የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ቀድሞ ነው። ዱላ እንደ ጅራፍ አይተጣጠፍም፣ የኃይሉ አካሄድ ግን አንድ ነው።

አምስተኛው ላይ ጧ! አደረገችው። የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

ወዲያው አንዲት እትዬ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ሴት ጅራፍ ታጮሃለች እንዴ?» አሉ። እሳቸው ይህን ሲሉ በመንገዱ ላይ ሦስት ሴቶች ከቁመታቸው የሚረዝም ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ያልፉ ነበር። እሱን «ሴት ልጅ?» ያለ የለም። ለሸክም ሲሆን ወገቧ ይፈቀዳል፣ ለጨዋታ ሲሆን ነውር። እውነቱን ለመናገር እዚያ አሜሪካም ቢሆን በራሱ የመጣ አይደለም፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ነው የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችን ሴቶችን እንዳያገሉ ያስገደዳቸው። አሁንም ቢሆን ለአሰልጣኝ የሚከፍል አባት የሌላት ልጅ ዳር ቆማ ታያለች።

እናቴ ለእትዬ መልስ አልሰጠችም። ለልጁ ግን ሙልሙል አወጣችለት። «አንዱ የጓደኛዬ ነው» ብሎ ሁለት ወሰደ።