«አፉን ይፈታል» እያልን

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሲሞላው እኛ ገና «አፉን ይፈታል» እያልን ነበር።

ያላጽናናን ሰው የለም። የእህቴ አማት «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው» አሉ። የግቢያችን ሰዎች «ወንድ ልጅ ይዘገያል» አሉ። እኔ አጎቱም ቡና ላይ ተቀምጬ «ብልጥ ነው፣ ሲፈልግ ያወራል» ብያለሁ። ያቺን ንግግሬን ዛሬ መልሼ ብውጣት ደስ ባለኝ። እህቴ ግን ከዓመት ከመንፈቁ ጀምሮ ታውቅ ነበር። ስሙን ስትጠራው አይዞርም። ሌላ ክፍል ውስጥ የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ግን ሮጦ ይመጣል። «ጆሮው ይሰማል፤ እኔን ነው የማይሰማኝ» ትላለች። ይህን ስትል ቤቱ ጭጭ ይላል። ከዚያ አንዱ ስለ ዘይት ዋጋ ያነሳል።

በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ቀን ይከበራል፤ ኦቲዝም የልጅን ንግግርና ከሰው ጋር መግባባት የሚነካ የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ቲሸርት ይለበሳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ቴሌቪዥን ላይ እናቶች ይቀርባሉ። ጥሩ ነው። የኔ ጥያቄ መጋቢት 25 ላይ ነው። በማግስቱ አንዲት እናት ልጇን ይዛ የት ትሂድ? ከዚያም በፊት፣ መሄድ እንዳለባት ማን ይንገራት?

እስቲ ልብ በሉ። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ለክትባት በ45 ቀኑ፣ በሁለት ወር ተኩሉ፣ በሦስት ወር ተኩሉ፣ ከዚያ በ9 ወሩ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባት ተጨምሯል፤ በ15 ወር። እኛም ወስደነዋል። ሲስተሯ መዘነችው፣ ክንዱን ለካችው፣ ወጋችው፣ ካርዱ ላይ ጻፈች። «ማታ ሊያተኩሰው ይችላል፣ አትደንግጪ» አለቻት። ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ኮሪደሩ ላይ እናቶች ልጅ ታቅፈው እስከ ካርድ ክፍሉ ተሰልፈዋል፤ እሷ ብቻዋን ናት። ግን «በጣቱ ያሳይሻል?» ብላ አልጠየቀችም። መመሪያው ላይ ይኑር አይኑር ሌላ ነገር ነው። እኛን የጠየቀን የለም።

በ15 ወሩ ብዙው ልጅ የፈለገውን ነገር በጣቱ ያሳያል። ስሙን ሲጠሩት ይዞራል። «ቻው» ሲሉት እጁን ያወዛውዛል። እናቱ ወደ መስኮት ካየች እሱም ምን አለ ብሎ ወደ መስኮት ያያል። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ልጁ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ሁለት ሦስቱ ሲጎድሉ፣ ወይም ትናንት ይላት የነበረችውን ቃል ዛሬ ሲተዋት ግን «ይፈታል» ብሎ መቀመጥ አይገባም። አራት ጥያቄ ነው። ማሽን አይፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። ልጁ እዚያው ነው፣ እናቱ እዚያው ናት፣ ካርዱም ተከፍቷል። ከ15 ወር በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ፣ ካልታመመ በቀር፣ እንዲህ ባለሙያ ፊት በቀጠሮ የሚቀመጥበት ጊዜ ጥቂት ነው።

(ክትባቱን ካነሳሁ አይቀር፦ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ከለንደን በ1998 እ.ኤ.አ. ከወጣ አንድ ጽሑፍ የመጣ ነው። ያሳተመው የሕክምና መጽሔት ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሰርዞታል። ልጆቻችሁን አስከትቡ።)

ይህን ሐሳብ ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ጓደኛዬ ነገርኩት። ሳቀ። «ጠየቅናት እንበል። የጎደለ ነገር አገኘን። ከዚያ የት እንልካታለን?» አለኝ። ከምር ያስጨንቃል። በዚህች አገር የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና፣ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ሙያውን ለመማር ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ከሠለጠኑት ውስጥ በልጆች ላይ የሚሠሩት ደግሞ ጥቂት ናቸው። ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሆስፒታል ለልጆችና ለታዳጊዎች የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። ግን አንድ ክፍል ስንቱን ይችላል? እኛ ሪፈር የተጻፈልን ወደ ሌላ ቦታ ነበር፤ ቀጠሯችን ከአራት ወር በኋላ ሆነ። ለሦስት ዓመት ልጅ አራት ወር ትልቅ ዕድሜ ነው።

ቢሆንም ለጓደኛዬ መልስ አለኝ። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ያልተናገረ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም፤ ማጅራት ገትር ወይም የጆሮ ቁስል መስማቱን የወሰደበትም አለ። ሁለተኛው ነገር፣ እናቲቱ ወሬ ከመስማት ትድናለች። «ስልክ ሰጥታው ነው»፣ «በእርግዝናዋ ደንግጣ ነው»፣ «ሥራ እያለች ጥላው ነው» የሚባለውን ስንቱን ሰማች! ፈረንጆቹም ባለፈው ክፍለ ዘመን «እናቱ ፍቅር ነፍጋው ነው» ሲሉ ዓመታት አሳልፈዋል። ሐሰት መሆኑ ታወቀ፣ የእነዚያን እናቶች ዕንባ ግን ማን ይመልሰዋል? ሦስተኛው ነገር ደግሞ፣ ስፔሻሊስት እስኪገኝ ቤት ውስጥ የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ፣ እድገታቸው የዘገየ ልጆችን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። 9 የቡድን ስብሰባ፣ 3 የቤት ጉብኝት። እኛም አገር ተሞክሯል። የሚያስተምረው ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ልጁ ክዳን እየደረደረ ከሆነ አትንጠቂው፤ መሬት ተቀምጠሽ አብረሽው ደርድሪ። አንድ ቃል ካለ አንቺ ሁለት በይ። ውሃ ሲፈልግ ጎትቶ ወደ ማሰሮው ሲወስድሽ ቶሎ አትቅጂለት፤ ፊቱን እያየሽ ትንሽ ጠብቂው፣ ከዚያ «ውሃ» ብለሽ ስጪው። በቀን ሃያ ጊዜ። እህቴ ይህን ከአንዲት ባለሙያ ተምራ ስትሠራ እኔ «ይሄ ነው ሕክምናው?» ብዬ ነበር። መርፌ እና ሽሮፕ ለምደናል፤ ያለ እነሱ ሕክምና አይመስለንም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጁ የእናቱን እጅ መጎተቱን ትቶ ማሰሮውን በጣቱ አሳየ። አራት ዓመቱ ነበር። በ15 ወሩ የምንጠብቀውን ነገር በአራት ዓመቱ አየነው፤ ዕልል አልን።

አባቱን ማሳመን ግን ሌላ ጉድ ነበር። «የአእምሮ» የምትለዋን ቃል ሪፈሩ ላይ ሲያይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በዚህች ከተማ «አማኑኤል» ማለት ከአእምሮ ሆስፒታል ስምነት አልፎ ስድብ ከሆነ ቆይቷል። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የስንቱን ቤተሰብ ጭንቅ የተሸከመ ቤት ነው፤ እኛ ግን ጎረቤት ለመሳደብ እንጠቀምበታለን። «ልጄን አማኑኤል ልትሉት ነው?» አለ። አልፈርድበትም፤ ፍርሃቱን ከኛው ነው የተማረው። መንገዱን የከፈቱልን የነፍስ አባታቸው ናቸው። እህቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ታስጠምቀው ነበር። እሳቸው «ጠበሉንም አታቋርጪ፣ ሐኪሙንም አትቅሪ፤ አይጣሉም» አሏት። ለአባትየውም ደውለው ነገሩት። አንዳንድ ቄሶችና ሼኾች የጤና ባለሙያዎቻችንን እንዲህ ቢያግዟቸው፣ የባለሙያዎቹ ሥራ ይቀልል ነበር።

ስለ ፍርሃት ካወራን ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሳላነሳ አላልፍም። በውበት ሙያ ስማቸው የታወቀ ሴት ነበሩ። የራሳቸውን ልጅ ነገር አደባባይ ይዘው ወጡ፤ ያኔ ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ከጓዳ አይወጣም። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. አረፉ። «ኦቲዝም» የምትለውን ቃል ከአዲስ አበባ ሰው ጆሮ ጋር ያስተዋወቁ እሳቸው ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ግን እናቶች በየግላቸው ማዕከል እየከፈቱ ስንት ዓመት ይዘለቃል?

ሌላም ነገር አለ፤ ከሕክምናው ያልተናነሰ። እኛ የምንኖረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር። ግቢው ጠባብ፣ ቤቱ አሮጌ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ልጁ በር ከፍቶ ቢወጣ ግን ባለ ሱቁ እጁን ይዞ ይመልሰዋል። ጆሮውን ይዞ ሲጮህ «የእነ እንትና ልጅ ነው» ይባላል፣ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ። የተሻለ ቤት አገኘን፤ ባኞ ቤት ያለው፣ ውሃው ሳሎን ድረስ የሚመጣ። አልዋሽም፣ እህቴ ባኞ ቤቱን ትወደዋለች። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ማንም የማያውቀው ልጅ ሲጮህ፣ ከታች በር ይንኳኳል። «ልጅሽን ያዢ!» ለቴራፒ ወደ መሐል ከተማ ለመምጣት ሦስት ትራንስፖርት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የነበረው አንድ ሆነ፣ ከዚያ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ሰው ሲነሳ ቤቱ፣ መብራቱ፣ ውሃው ታስቦ ይሆናል። ልጁን የሚያውቅ ባለ ሱቅ ግን በካርታ አይሰጥም። ቢያንስ አዲሶቹ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ያሉ ጤና ጣቢያዎች ያንን የዓለም ጤና ድርጅት ሥልጠና የሚወስድ የወላጆች ቡድን በሳምንት አንድ ከሰዓት ያስተናግዱ። የሚፈለገው አንድ ክፍልና አግዳሚ ወንበር ነው።

ትምህርት ቤቱን አሳጥሬ ልለፈው፤ ስጽፈው ደሜ ይፈላል። አንድ የግል ትምህርት ቤት «ሌሎች ወላጆች ቅሬታ ያነሳሉ» ብሎ መለሰን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፤ የመማር መብት እዚያ ላይ አለ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ያውቅ ነበር ወይ? ጠየቅኩት። «ቦታ ሞልቷል» አለኝ።

የምጨርሰው ማንም በማይጠይቃት ልጅ ነው። የልጁ ታላቅ እህት 17 ዓመቷ ነው። አታስቸግርም። ወንድሟን ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ማታ ታስተኛዋለች። እንግዳ ሲመጣ «ጎበዝ ልጅ፣ የናቷ እጅ» ይላታል። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች፤ ያ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህሉ፣ በ2016 ደግሞ አምስት ያህሉ ብቻ ያለፉት ፈተና። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይናገራል፤ ከአእምሮ ጤና ችግሮች ሲሶው ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሹ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራል ይላል። እኛ ቤት ግን ሁሉም ዓይን ትንሹ ላይ ነው። በቀደም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኩሽና ውስጥ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ አገኘኋት። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ስንት ጊዜሽ ነው? «ከጥቅምት ጀምሮ።» እኔም ልክ እንደዚያ ጊዜ አፌ ላይ የመጣው «ፈተናው ሲያልፍ ይለቅሻል» የሚል ነበር። ምላሴን ነክሼ ወንበር ሳብኩ።

ባለፈው እሑድ ከታች ፎቅ ያለች ጎረቤት ቡና ጠራችን። ያችው በር ታንኳኳ የነበረችው ናት፤ አሁን ታርቀናል። ልጇ 16 ወሩ ነው፣ ወፍራም፣ ሳቂታ። አያቱ «ይሄ እንኳን ዝምተኛ ነው፣ አፉን ይፈታል» አሉ። እህቴ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«በጣቱ ያሳይሻል?» አለቻት።

ሴትዮዋ ረከቦቱን ትታ ወደ ልጁ ዞረች።