ተዉት፤ ሲደርስ ካካ ይላል

ሰሞኑን እናንተም ስልክ ላይ ሳይደርስ አልቀረም። ነጭ ጋወን የለበሱ፣ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሰው ለወላጆች ምክር የሚሰጡበት አጭር ቪዲዮ ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በየቀኑ ካካ ማለት አለበት ይላሉ። ሁለት ቀን ከዘለለ ድርቀት ነው። መፍትሔው ስኳር የገባበት ውሃ ነው። ካልሆነ ማር ይላስ። እሱም ካልሠራ ቀጠን ያለ ሳሙና በፊንጢጣው ይግባለት። መሰናበቻቸው ደግሞ ይህቺ ናት፦ "የጡት ወተት ለአንዳንድ ልጅ ይከብደዋል፤ የዱቄት ወተት ደባልቁለት፣ ሆዱን ያለሰልስለታል።"

በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ስህተት መደርደር ቀላል ሥራ አይደለም።

በመሰናበቻዋ ልጀምር። የዱቄት ወተት ሆድ ያለሰልሳል? ለመሆኑ እኚህ ሰው ዳይፐር ቀይረው ያውቃሉ? ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካ እኮ ቢጫ ነው። ፈሰስ ይላል፣ ነጣ ያለ ፍርፍር ነገር ጣል ጣል ያለበት ነው፣ ሽታውም ያን ያህል አይደለም። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ልጅ ካካ ወፈር፣ ጠቆር ይላል፤ ይሸታልም። እውነተኛ ድርቀት ሕፃናት ላይ ሲመጣ በብዛት የሚመጣው ከጡት ወደ ዱቄት ወተት ሲሻገሩ ወይም ምግብ ሲጀምሩ ነው። ሰውየው ነገሩን ገልብጠው ነው የነገሩን።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። ብዙ የዱቄት ወተት ውስጥ የፓልም ዘይት ይገባል። በዘይቱ ውስጥ ያለው ፓልሚቲክ አሲድ አንጀት ውስጥ ሲለቀቅ ከካልሲየም ጋር ይያያዝና የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል። ያ ሳሙና ከካካው ጋር ይወጣል፤ ካካውንም ያጠነክረዋል። የጡት ወተትም ፓልሚቲክ አሲድ አለው። ነገር ግን በስቡ ሞለኪውል ላይ የተቀመጠበት ቦታ ሌላ ስለሆነ አብዛኛው ወደ ሰውነት ይገባል እንጂ አይባክንም። በዚያ ላይ የጡት ወተት ውስጥ ኦሊጎሳካራይድ የሚባሉ፣ ልጁ ራሱ ሊፈጫቸው የማይችል ስኳሮች አሉ። ላክቶስ ከሚባለው ዋናው የወተት ስኳርና ከስብ ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛ ናቸው። ልጁ የማይፈጨው ነገር ለምን ይህን ያህል በዛ? ተመጋቢዎቹ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ነው። ካካውንም ለስላሳ አድርገው ያቆዩታል። እንግዲህ ማለስለሻው ያለው ጡቱ ውስጥ ነው። የዱቄት ወተት ለሚያስፈልጋት እናት ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ለድርቀት ብሎ እሱን ማዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ "በየቀኑ" እንምጣ። ቪዲዮውን የሚደግፉ ሰዎች "እኛ ሁለት ቀን ብንቆይ ይጨንቀናል፣ ይሄ ሕፃን አራት ቀን እንዴት ይችለዋል?" ይላሉ። እናንተ ገለባና ቃጫ ያለበት ምግብ ነዋ የምትበሉት! የሚጣለው ብዙ ነው። ሕፃኑ የሚጠጣው 87 በመቶ ያህሉ ውሃ የሆነ፣ ለእሱ አንጀት ተብሎ የተሠራ ወተት ብቻ ነው። የእናንተን ሆድ መለኪያ አድርጋችሁ እሱን አትዳኙት።

የእሱ ሆድ ቀን ሳይሆን ዕድሜ ነው የሚቆጥረው። ልጅ እንደተወለደ በ24 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ መኮኒየም የሚባለውን ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ካካ ያወጣል። እንገሩ ራሱ ይህን ጠርጎ ያስወጣለታል። በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ቢጫው ይመጣል። ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንዱም በጠባ ቁጥር ነው። ጨጓራው ሲሞላ አንጀቱ ይነሳሳልና እየጠባ እያለ ሲለቀው ትሰማላችሁ። ስድስት ሳምንት አካባቢ ላይ ግን ነገሩ ድንገት ይለወጣል። በቀን አምስት ዳይፐር ሲያበላሽ የነበረው ልጅ ሦስት ቀን ጭጭ ይላል። ከዚያ አምስት ቀን። ከዚያ ሳምንት። አሥር ቀን የሚቆይም አለ። ሲመጣ ግን ለስላሳ ነው። ልጁ ይጠባል፣ ይሸናል፣ ይስቃል፣ ክብደት ይጨምራል። ወተቱ አብዛኛው ሥራ ላይ ዋለና የሚጣል ብዙ አልተረፈም። ይህንን ነው ሰውየው በሽታ ያሉት።

"ግን እኮ ያምጣል! ፊቱ ይቀላል!" አዎ፣ ያምጣል። እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ቡጢውን ጨብጦ፣ ቲማቲም መስሎ አሥር ደቂቃ ያቃስታል፣ ያለቅሳል። እናቱ አብራው ልታለቅስ ትደርሳለች። በመጨረሻ የሚወጣው ምንድን ነው? ለስላሳ ቢጫ ገንፎ ነገር። ድርቀት ቢሆን ኖሮ ጠጠር ነበር የሚወጣው። ይህ ልጅ ገና እየተማረ ነው። ካካ ለማለት ሆድን መግፋትና ታች ያለውን ጡንቻ ማላላት በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። እሱ ሲገፋ ታችኛውንም አብሮ ይጨብጠዋል። በ2016 የታደሰው፣ ሮም 4 የሚባለው የሐኪሞች መመዘኛ ለዚህ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል፦ ዕድሜው ከ9 ወር በታች የሆነ ልጅ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ የሚያምጥና የሚያለቅስ፣ ካካው ግን ለስላሳ፣ ሌላም ችግር የሌለበት። ሕክምናው ምንድን ነው? ምንም። በራሱ ይተወዋል።

"ምንም" የሚለው መልስ ግን ለማንም አይጥምም። የሰውየው ምክር እንዲህ የሚሰራጨው በዚህ ነው። "እኔ ውሃ ሰጥቼው ሠርቶልኛል" የምትል እናት መቼም አትጠፋም። አልዋሸችም። ልጁ በእርግጥ በማግስቱ ካካ ብሏል። ግን እስቲ አብረን እንቁጠር። ልጁ በተፈጥሮው በስድስት ቀን አንዴ የሚለቅ ነው እንበል። እናቱ አራት ቀን ጠበቀች። በአምስተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀና ውሃ ሰጠችው። በስድስተኛው ቀን ለቀቀው። ምስጋናው ለውሃው ሆነ። ጎረቤቷ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ውሃ ሰጠች፤ ምንም የለም። በአራተኛው ማር አላሰች፤ ምንም የለም። በስድስተኛው ጠዋት ሳሙና ሞከረች፣ ወጣ። ለእሷ ውሃ አይሠራም፣ ሳሙና ነው የሚሠራው። ሦስተኛዋ ሆዱን በዘይት አሸችው፤ እሷም የራሷን መድኃኒት አገኘች። ሁሉም ምስክር ናቸው፣ ሁሉም ይምላሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን አይስማሙም። ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ ማለት እንዲህ ነው። መጨረሻ ላይ የተሞከረ ነገር ሁሉ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም የሚጠበቀው ሰዓት እየቀረበ የሚሄደው ለሁሉም እኩል ነው።

ዝም ብላ የጠበቀችው አራተኛዋ እናትስ? የእሷም ልጅ በስድስተኛው ቀን ካካ ብሏል። እሷ ግን የምታወራው የላትም። "ምንም አላደረግኩም፣ ወጣ" ተብሎ ቪዲዮ አይሠራም። ምክር የሚሻገረው ከሠራ ሰው ነው እንጂ ከተቀመጠ ሰው አይደለም። ስለዚህ በየቤቱ የሚዞረው የውሃው፣ የማሩና የሳሙናው ታሪክ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ሳምንት ቆይቶ ልጁ እንደገና ይዘገያል፣ ተፈጥሮው ነውና። ያኔ "ይሄ ልጅ ድርቀት አለበት" ይባላል። አንድ ጤነኛ ልጅ ጥርስ ሳያበቅል የሆድ በሽተኛ ተብሎ ስም ወጣለት ማለት ነው።

ነገሩ በስም ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ውሃው ሥራ ይሠራል፣ የሚሠራው ግን ሌላ ሥራ ነው። የሕፃን ጨጓራ ትንሽ ነው። ውሃ የገባበት ቦታ ወተት አይገባበትም። ልጁ ሳይርበው ይቀርና ጡቱን ቀነስ አድርጎ ይጠባል። ጡት ደግሞ በተጠባው ልክ ነው የሚያመርተው፤ ካልተጠባ ይቀንሳል። ወተቱ ሲቀንስ ልጁ የሚያገኘው ያንሳል፣ ክብደቱ ይዘገያል፣ ካካውም ይባስ ያንሳል። ከምኑ ይምጣ? እናትየዋ ግን የምታየው ድርቀቱ እንደባሰበት ነው። ውሃ ትጨምራለች። ከዚያ "ወተቴ አልበቃውም" ትላለች፣ አሁንማ እውነቷን ነው። የዱቄት ወተት ይገዛል። ካካው አሁን በእርግጥ ይጠነክራል። ሰውየውም ትክክል ይሆናሉ! ያልነበረ ድርቀት በእሳቸው ምክር ተፈጠረ።

ውሃ ከበዛበት ደግሞ ጣጣው ከዚያም ያልፋል። የሕፃን ኩላሊት ትርፍ ውሃን እንደኛ አያስወግድም፤ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርድና እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም አይሰጥ የሚሉት ወደው አይደለም። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት፣ ቫይታሚን ወይም ኦአርኤስ ነው የሚፈቀደው።

ስለ ማሩ ስናገር ቁጣዬን መያዝ ያቅተኛል። ከ12 ወር በታች ላለ ልጅ ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ የሕፃን አንጀት ደግሞ ገና አልጠነከረምና እዚያው በቅሎ መርዝ ያመርታል። መርዙ ጡንቻ ያዝላል። የዚህ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሆድ ድርቀት ነው። ከዚያ ለቅሶው ይደክማል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ አንገቱ ይልፈሰፈሳል። ሰውየው ለድርቀት ያዘዙት ድርቀት የሚያመጣውን፣ ሲብስም ትንፋሽ የሚያቋርጠውን ነው።

ሳሙናውስ? እሱ ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ፊንጢጣን ከነካካችሁት ይለቃል። ግን ልጁ ሊማር የሚገባውን ነገር በእጃችሁ ሠራችሁለት ማለት ነው፤ ነገም እጃችሁን ይጠብቃል። ሳሙና ደግሞ ለስላሳውን የአንጀት ገጽ ያቃጥላል።

ጡት የሚጠባ ልጅ ፈጽሞ አይደርቅም አላልኩም። ካካው ጠጠር ከሆነ፣ ደም ካለበት፣ እንደ ክር ከቀጠነ፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠነከረ፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ ካተኮሰው፣ አልጠባም ካለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። ካካው እንደ ኖራ ከነጣም እንዲሁ፤ የጉበት ነገር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ጥቁር ካካ ከ48 ሰዓት በላይ ከዘገየም መመርመር አለበት። ሂርሽፕሩንግ የሚባል፣ የአንጀቱ ጫፍ ነርቭ ሳይኖረው የሚወለዱበት ችግር አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉዳይም አለ። ሰውየው ከሁሉም በላይ የሚያስፈሩት እዚህ ላይ ነው። የአሥር ቀን ልጅ ሁለት ቀን ካካ ካላለ እኔም አብሬ እጨነቃለሁ፤ ድርቀት ብዬ ግን አይደለም። በዚያ ዕድሜ የካካ ማነስ ብዙ ጊዜ ወተት በደንብ እንደማያገኝ ይናገራል። ጡት አያያዙ ይታይ፣ ይመዘን፣ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። አንድ ልጅ በግማሽ ሆዱ እየዋለ፣ "ደርቋል" ተብሎ ስኳር ውሃ ሲጋት አስቡት። ስኳሩ ያረጋጋዋል፣ ያስተኛዋል። ቤቱ "ጎበዝ፣ ተሻለው" ይላል።

በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሰውየው አንድ ጥያቄ እንኳን አላነሱም። ዕድሜው ስንት ነው? ሲመጣ ለስላሳ ነው ወይስ ደረቅ? በቀን ስንት ዳይፐር ያረጥባል? ክብደቱስ? እነዚህን ሳይጠይቁ "ሁለት ቀን" ብለው መድኃኒት አዘዙ። የሁለት ወር ልጅ አራት ቀን ከቆየ፣ ይጠባል፣ በቀን ስድስት ዳይፐር ያረጥባል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ይፈሳል፣ ይስቃል፣ ከሆነ መልሱ "ቅያሪ ልብስ አዘጋጁ" ነው። የአምስት ቀኑ ሲመጣ ዳይፐር አይመልሰውም፤ በጀርባው ሽቅብ እስከ ማጅራቱ ነው የሚወጣው። እናንተ በሁለት እጃችሁ ልብሱን እየላጣችሁ፣ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ገብቷችሁ ስትተራመሱ እሱ ተኝቶ ይስቅባችኋል።