ከጫማው በላይ

እንግሊዝኛ «አልትራክሬፒዴሪያን» የሚል ቃል አለው። በባዶ ሆድ የሚጠራ አይደለም። በማያውቀው ነገር ጥልቅ እያለ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ማለት ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ብዙም አይጠቀሙበትም። ሰዎቹ እንደሆኑ የትም ሞልተዋል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ዶላር ምንዛሪ የሚተነትን መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ነገሩ የሚጀምረው ከጥንት ግሪክ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ እንደተረከው፣ ሠዓሊው አፔሊስ ሥዕሉን ሲጨርስ መንገደኛ እንዲያየው ያወጣና፣ ራሱ ከጀርባው ተደብቆ የሚባለውን ያዳምጥ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ መጣና «የጫማው ማሰሪያ አንድ ቀለበት ይጎድለዋል» አለ። ልክ ነው። አፔሊስም አስተካከለው። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው! ሰውዬው በማግስቱ ሲመለስ ቀለበቱ ተጨምሯል። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው? ዓይኑን ከፍ አደረገና ስለ እግሩ አሳሳል መተቸት ጀመረ። አፔሊስ ብቅ አለና «ጫማ ሰፊ ከጫማው በላይ አይፍረድ» አለው።

ሁሉን አወቅ የሚፈጠረው እንዲህ ይመስለኛል። አንድ ቀን አንድ ነገር ልክ ይናገራል፤ በቃ። የጎረቤቱን ቴሌቪዥን መታ መታ አድርጎ ያስነሳ ሰው፣ በሳምንቱ ስለ ኩላሊት ጠጠር ሲያማክር ታገኙታላችሁ።

ከዚያ «ከጫማው በላይ» የሚለው ላቲን ለንደን ገብቶ ስድብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1819 ሃያሲው ዊልያም ሃዝሊት፣ የ«ኳርተርሊ ሪቪው» መጽሔት አዘጋጅ የነበረውን ዊልያም ጊፈርድን በደብዳቤ ሲሞልጨው ይህን «አልትራክሬፒዴሪያን» የሚል ቃል ለጠፈበት። በ1823 ደግሞ ገጣሚው ሊ ሃንት ከዚያው ቃል ርዕስ አውጥቶ ጊፈርድ ላይ የሚሳለቅ ግጥም አሳተመ።

ስድቡ አጥንት የሚነካ ነው። ጊፈርድ ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት፣ ሙያ እንዲማር ለጫማ ሰፊ በውል የተሰጠ ልጅ ነበር። ወረቀት መግዣ የለውም። ቁራጭ ቆዳ ቀጥቅጦ ያለሰልስና በደነዘ ወስፌ ሒሳብ ይሠራበታል። ኋላ አንድ ሐኪም ገንዘብ አሰባስቦ ከውሉ አስለቀቀውና ኦክስፎርድ ገባ። (ሲያድግ ብዕሩ መርዝ ስለነበር ብዙም አላዝንለትም።)

ግን ሃዝሊትስ? እሱም እኮ መጀመሪያ ሠዓሊ ነበር። አልሆንለት ሲል ነው ወደ ጽሑፍ የዞረው። እኔ ጊፈርድን ብሆን መልሴ አጭር ነው፦ «አንተስ ብሩሽህን የት ጣልከው?»