በትረ መንግሥት የመምቻ ዱላ አይደለም

ወንድሜ፣ «በትረ መንግሥት ንጉሡ እንቢ ያለውን ይመታበት የነበረ ዱላ ነው» ብለሃል። እኔም ደብረ ማርቆስ ሳድግ ይህንኑ ስሰማ ነው የኖርኩት። ግን ስህተት ነው፣ እባክህ አስተካክለው።

ያሳሳተን ቃሉ ነው። ዛሬ «በትር» ስንል ቶሎ የሚታየን ሽመል ነው። በመዝሙረ ዳዊት ግን የእረኛው በትር የሚያጽናና ነው። የንጉሡም በትር የቅንነት በትር ተብሏል። በመጽሐፈ አስቴርማ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ሳይጠራ ንጉሡ ፊት የገባ ሰው ሞት ይጠብቀዋል። ንጉሡ የወርቅ ዘንጉን ከዘረጋለት ግን ይድናል። አስቴር ቀርባ የዘንጉን ጫፍ ነካች፣ ዳነች። በትሩ እዚህ ምሕረት ነው።

ሌላም አለ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ በትርም ሰይፍም ተሰጥቷቸዋል። በትሩ መምቻ ቢሆን ኖሮ ሰይፉ ምን ይሠራል? የኃይሉ ምልክት ሰይፉ ነው፤ በትሩ የፍርድና የጥበቃ ነው።

ደግሞ ከመቋሚያ ጋር አታምታታው። መቋሚያ የካህናት ነው። እኛ ሰፈር አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ የመቋሚያቸው እንጨት እጃቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተልጎ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ሌሊት ማኅሌት ሲቆሙ ይደገፉበታል፣ ወረብ ሲመጣ ከከበሮው ጋር ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። እሱም ቢሆን ለድብድብ አልተሠራም።